ደም መለገስ፦ ከሞት በፊት የሚደርስ ዕድር

የጤና ትምህርት



«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል በብዙ ነገር ላይ ይሠራል፤ በደም ጉዳይ ላይ ግን ከሁሉም ይበልጥ ይሠራል። በዛሬው ትምህርታችን ደም ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያስፈልገው፣ ንጹሕ ደም እንዴት እንደሚገኝና እኛ የካኩማ ነዋሪዎች ምን ማድረግ እንደምንችል በመጠኑ ለማብራራት እንሞክራለን።

አስቀድመን ግን ያነሣሣንን ነገር እንናገር። ባለፈው የዝናብ ወቅት አንድ ምሽት፣ የማታ ትምህርት የምንሰጥ መምህራን ደብተር እያረምን ሳለ አንድ ተማሪያችን እየሮጠ መጣ። ባለቤቱ በሰላም ተገላግላ ነበር፤ ከወለደች በኋላ ግን ደሙ አልቆም አለ። «ደም የሚሰጥ ሰው ቶሎ ፈልግ» ተብሏል። ዘጠኝ ሆነን ሄድን። ከዘጠኛችን የደም ዓይነቱን የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ሌላውን ስናስተምር የኖርን መምህራኑ እንኳ የራሳችንን አናውቅም ነበር።

አንዱ ከወባ ሕመም ከተነሣ ገና ሳምንቱ ስለሆነ ተመለሰ። የሁለቱ ክብደት አልበቃም። የሦስቱ ደም ከእናቲቱ ደም ጋር የማይስማማ ሆነ። አንዱ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንደሚደረግ ሲሰማ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሁለት ሰው ቀረ። የእነርሱም ደም ተቀድቶ እስኪመረመር ድረስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ሰዓት እናቲቱን ያቆያት ቀደም ብሎ በፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ከረጢት ደም ነው። የሰጠው ሶማሌ ይሁን ደቡብ ሱዳናዊ፣ ኮንጎአዊ ይሁን ቱርካና፣ ወይም የሀገራችን ልጅ፣ እስከ ዛሬ አናውቅም። በከረጢቱ ላይ የነበረው ቁጥርና የደም ዓይነት ብቻ ነው።

ዛሬ እናቲቱም ሕፃኑም ደኅና ናቸው። እኛን ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀንም፤ ያ አንድ ከረጢት ባይኖር ኖሮስ?

1. ደም ምንድን ነው?

በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ በአማካይ 5 ሊትር ያህል ደም ይገኛል። ይህም ዘይት ከምንይዝበት ከትንሹ ጄሪካን ጋር ይመጣጠናል። ደም ለዓይን አንድ ነገር ይመስላል እንጂ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

ሀ) ቀይ የደም ሴሎች፦ ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክመው ወደ መላው አካል ያደርሳሉ። ቀይ ቀለም የሚሰጣቸው ሄሞግሎቢን የሚባለው ነው፤ እርሱም ከብረት ንጥረ ነገር ውጭ አይሠራም።

ለ) ነጭ የደም ሴሎች፦ በሽታን የሚከላከሉ የአካል ወታደሮች ናቸው።

ሐ) ፕላትሌት፦ ስንቆስል ደሙ እንዲረጋና እንዲቆም የሚያደርጉ ናቸው።

መ) ፕላዝማ፦ እነዚህን ሁሉ ይዞ የሚጓዘው ፈሳሽ ነው።

አንድ ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን ያህል ብቻ ነው። ያረጀው ይሞታል፤ በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ አዲሱ ይሠራል። ስለዚህ ብንሰጥም ባንሰጥም ደማችን ዘወትር ይታደሳል። በበጋ የታራች ወንዝ ሲደርቅ ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው ውኃ ሲቀዱ አይተናል። ከቀዱ በኋላ ጥቂት ቢጠብቁ ውኃው ተመልሶ ይሞላል፤ ሳይጠብቁ ደጋግመው ቢቀዱ ግን አሸዋ ይወጣል። ደምም እንዲሁ ነው። በልክ ከተቀዳ ይተካል፤ ለመተካት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

2. ደም የሚያስፈልገው ለማን ነው?

የመጀመሪያዎቹ የሚወልዱ እናቶች ናቸው። በዓለም ላይ እናቶችን በወሊድ ምክንያት ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው የደም መፍሰስ ነው። ጤነኛ የነበረች ሴት ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ከፈሰሳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ሁለተኛዎቹ ሕፃናት ናቸው። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴሎችን እያፈነዳ ስለሚጨርስ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በከባድ የደም ማነስ ይያዛሉ። መዳፋቸው ይነጣል፣ ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ ጡት ለመጥባት አቅም ያጣሉ። ከዝናብ በኋላ በሰፈራችን ወባ ሲበረታ ይህን የማያውቅ እናት የለም።

ከእነዚህም ሌላ በመኪናና በቦዳቦዳ አደጋ የተጎዱ፣ በጥይት ወይም በስለት የቆሰሉ፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውና አንዳንድ የካንሰር ሕሙማን ደም ያስፈልጋቸዋል።

አንዳንዶች «ጉሉኮስ ቢሰጠውስ?» ይላሉ። በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ የጎደለውን ውኃ ይተካል እንጂ ኦክስጅን አይሸከምም። የሰውን ደም ሙሉ በሙሉ ተክቶ የሚሠራ ነገር እስከ ዛሬ በፋብሪካ አልተመረተም። በሌላ በኩል ደግሞ ድካም የተሰማው ሰው ሁሉ «ደም ስጡኝ» ማለት የለበትም። ደም የሚሰጠው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው።

3. የደም ዓይነቶች

በጥንት ዘመን ደም ከሰው ወደ ሰው ሲሰጥ አንዱ ይድናል፣ አንዱ ይሞታል። ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ካርል ላንድስታይነር የተባለ የኦስትሪያ ሐኪም የሰው ሁሉ ደም አንድ ዓይነት አለመሆኑን አሳወቀ። ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1930 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የተወለደው በፈረንጆች ጁን 14 ነው። ከ2004 ጀምሮ በየዓመቱ ይህ ቀን የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ዛሬ አራቱ የደም ዓይነቶች ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ይባላሉ። ቀይ የደም ሴል ሲሰጥ ደንቡ እንዲህ ነው፤

— የኦ ደም ለአራቱም ሊሰጥ ይችላል፤ የኦ ሰው ግን ከኦ ብቻ ይቀበላል።
— የኤ ደም ለኤ እና ለኤቢ ይሰጣል።
— የቢ ደም ለቢ እና ለኤቢ ይሰጣል።
— የኤቢ ደም ለኤቢ ብቻ ይሰጣል፤ የኤቢ ሰው ግን ከአራቱም ይቀበላል።

ከዚህም በላይ አር ኤች የሚባል ሌላ ምልክት አለ። ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጋቲቭ ይባላል። በዚህ ምክንያት አባት ለልጁ፣ ባል ለሚስቱ ደም መስጠት እየፈለገ ላይችል ይችላል። ፍቅርና ዝምድና የደም ዓይነትን አይለውጡም። ሐኪሞችም ዓይነቱ ቢመሳሰል እንኳ ከመስጠታቸው በፊት የሰጪውንና የተቀባዩን ደም አቀላቅለው መስማማቱን ይመረምራሉ።

4. ንጹሕ ደም ማለት ምን ማለት ነው?

ደም ሕይወትን እንደሚሰጥ ሁሉ በሽታንም ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለሆነም የተለገሰ ደም ሁሉ ቢያንስ ለአራት በሽታዎች መመርመር እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። እነርሱም ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ (ሁለቱም የጉበት በሽታዎች ናቸው) እና ቂጥኝ ናቸው። የወባ ተውሳክም በደም ስለሚተላለፍ በቅርቡ በወባ የታመመ ሰው ደም አይሰጥም።

ምርመራ ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ሰው ዛሬ በኤች አይ ቪ ቢያዝ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እያለ በምርመራ ላይታይ የሚችልባቸው ቀናትና ሳምንታት አሉ። በዚህ ጊዜ ታካሚውን የሚጠብቀው የለጋሹ እውነተኛነት ብቻ ነው። ከመስጠታችን በፊት ስለ ኑሯችን የሚቀርብልን ጥያቄ ለማፈር ወይም ለመወንጀል ሳይሆን ለዚህ ነው።

ያን ሌሊት «መጣሁ» ብሎ የወጣውን ሰው እኛ አንወቅሰውም። በራሱ የሚጠራጠር ሰው ዋሽቶ ከሚሰጥ ባይሰጥ ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው ለጤና ሠራተኛው በግል መናገር ነው። ሠራተኛው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ሰውየውም ተመርምሮ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።

5. ለምን አስቀድሞ?

የዚህ ትምህርት ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ደም በሦስት መንገድ ይገኛል።

አንደኛው በገንዘብ የሚገዛ ደም ነው። ደሙን የሚሸጥ ሰው ገንዘቡ እንዳይቀርበት በሽታውን ይደብቃል፤ ጊዜውን ሳይጠብቅ ደጋግሞ ስለሚሸጥም ራሱን ይጎዳል። ሁለተኛው የታካሚው ዘመድ በችኮላ የሚሰጠው ነው። ዘመድ በጭንቀት ላይ ስለሆነ «አይ፣ እኔ ታምሜያለሁ» ለማለት ያፍራል። ዘመድ የሌለው ስደተኛስ ማንን ይጠራል? ሦስተኛው ሰው ሳይጠራውና ሳይከፈለው፣ በፈቃዱ፣ በሰላም ቀን የሚሰጠው ደም ነው። ከሁሉም ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ይህ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1975 አገሮች ሁሉ ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት በሚሰጥ ደም ላይ እንዲመሠረቱ አሳስቧል።

ያስጠለለችን ኬንያ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1998 በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሆስፒታል ደም የሚሰበስበው በአብዛኛው ከታካሚው ዘመዶች ነበር። ሕዝቡ ደም ለመስጠት ቢጎርፍም ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ አገር አቀፍ ድርጅት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ የደም አገልግሎት ተቋቁሞ ናይሮቢን፣ ኤልዶሬትንና ኪሱሙን በመሳሰሉ ከተሞች የክልል ማዕከሎች ተከፈቱ። በሀገራችንም የደም ባንክን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይዞት ቆይቶ በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፏል።

ይሁን እንጂ ከኤልዶሬት እስከ ካኩማ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሎድዋር እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሌሊት ደሙ የሚፈስስ ሰው ይህን መንገድ አይጠብቅም።

ደም ደግሞ እንደ እህል ተከማችቶ አይቆይም። ቀይ የደም ሴል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጦ፣ እንደ ማቆያው መድኃኒት ዓይነት ከ35 እስከ 42 ቀን ይቆያል። ፕላትሌት ደግሞ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በዘመቻ ብዙ ሰው ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ መተኛት አይጠቅምም። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሰው ቢሰጥ ይሻላል።

ይህን አሠራር እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ዕድር ነው። የዕድር መዋጮ የሚከፈለው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም። ሁሉም ሰው ደኅና በሆነበት ወር፣ ተራው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይከፈላል። ቀኑ ሲደርስ ድንኳኑም ብርጭቆውም ዝግጁ ነው። በስደት ላይም ሆነን ይህን ልማድ አልተውነውም። የደም ባንክም ዕድር ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ያኛው ከሞት በኋላ ሲደርስ ይህኛው ከሞት በፊት ይደርሳል።

6. ማን መስጠት ይችላል? ማን አይችልም?

በኬንያ ደንብ ዕድሜው ከ16 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ የሆነና ሲመረመር ጤነኛ ሆኖ የተገኘ ሰው መስጠት ይችላል። ወንድ በየ3 ወሩ፣ ሴት በየ4 ወሩ ልትሰጥ ትችላለች።

የሚከተሉት ግን መስጠት የለባቸውም፦ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ትኩሳት ያለበት ወይም በቅርቡ በወባ የታመመ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ፣ የደም ማነስ ያለበት፣ እንዲሁም በደም በሚተላለፍ በሽታ መያዙን የሚያውቅ ወይም የሚጠራጠር ሰው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ራሽን በተደጋጋሚ በተቀነሰበት ሰፈር ውስጥ ብዙዎቻችን ከስተናል። ክብደቱ ያልሞላ ሰው «አልችልም» ቢል ነውር የለበትም። ይልቁን የሚችለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የሚችል ሁሉ የማይችለውንም ድርሻ እንደያዘ ይወቅ። መስጠት የማይችለውም ሥራ አለው፤ አጎበር ይዘርጋ፣ ነፍሰ ጡር እናት የሚሰጣትን የብረት እንክብል እንድትውጥና በጤና ጣቢያ እንድትወልድ ያበርታ። አንድ ሰው ደም እንዳያስፈልገው ማድረግ ደም ከመስጠት አያንስም።

7. አሰጣጡ እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ለጋሹ ይመዘገባል፤ ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ ክብደቱና የደም ግፊቱ ይለካል። ከጣቱ ጠብታ ደም ተወስዶ ሄሞግሎቢኑ ይታያል። ከዚያ ተጋድሞ ከክንዱ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳል። ይህም ግማሽ ሊትር የማይሞላ፣ ከጠቅላላው ደም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። መቅዳቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው። መርፌውና ከረጢቱ አዲስ ናቸው፤ ለአንድ ሰው ብቻ አገልግለው ይወገዳሉ።

ከመስጠታችን በፊት በደንብ እንብላ፤ ብዙ ውኃ እንጠጣ። በጾም ወይም በረመዳን ቀኑን ሳይበላ የሚውል ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ። ከሰጠን በኋላ ጥቂት እንረፍ፤ በካኩማ ፀሐይ ወዲያው አንጓዝ። በዚያን ቀን 20 ሊትር ጄሪካን አንሸከም፤ አልኮል አንጠጣ። ቢያዞረን ወዲያው ጋደም ብለን እግራችንን ከፍ እናድርግ።

የቀነሰው ፈሳሽ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል። ቀይ የደም ሴሎቹ ግን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋሉ። ለዚህም ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ይረዳል። ሻይና ቡና ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚከለክሉ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ መጠጣት ይሻላል። ሎሚ ግን ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

8. ብዙ ጊዜ የምንሰማቸው ጥያቄዎች

«ደም በመስጠት ኤድስ ይይዘኛል?» አይዝም። መርፌው አዲስ ነው፤ ከእኛ ይወጣል እንጂ ወደ እኛ የሚገባ ነገር የለም።

«ደሜን ወስደው ይሸጡታል» የሚል ወሬ አለ። በፈቃድ የተለገሰ ደም የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ጥርጣሬ ያለው ሰው ከወሬኛ ከሚሰማ ሆስፒታል ሄዶ አሠራሩን በዓይኑ ይይ፤ ሠራተኞቹንም ይጠይቅ።

«የእኔ ደም ለማን እንደሚሄድ አላውቅም፤ ለእኛ ሰው ላይሆን ይችላል።» ልክ ነው፤ ላይሆን ይችላል። ያን ሌሊት ለተማሪያችን ባለቤት የደረሰውም ደም ለማን እንደሚሄድ ሰጪው አላወቀም። ቢመርጥ ኖሮ እርስዋን አይመርጣትም ነበር፤ አያውቃትማ።

9. መደምደሚያ

እኛ የማታ መምህራን ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አድርገናል። አንደኛ፣ ሁላችንም የደም ዓይነታችንን ተመርምረን አወቅን። ሁለተኛ፣ መስጠት የምንችለው ተራ አወጣን፤ ሁሉም በአንድ ቀን ሳይሆን በየወሩ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ይህን ትምህርት በክፍላችን ማስተማር ጀመርን። እያንዳንዱ ዕድርና የወጣት ማኅበር ይህን ቢያደርግ ፍሪጁ ባዶ የሚሆንበት ሌሊት ይቀንሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ደም የሚሰበሰብበትን ቀንና ቦታ በየብሎካችሁ ያሉትን የጤና ሠራተኞች ጠይቁ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ቀይ የደም ሴል ስንት ቀን ይኖራል? ይህስ ስለ ደም መስጠት ምን ያስተምረናል?
2. የደም ዓይነቷ ኦ የሆነ እናት ከማን ደም ልትቀበል ትችላለች? የባሏ ደም ኤ ቢሆን ሊሰጣት ይችላል?
3. የተለገሰ ደም ሁሉ ቢያንስ ለየትኞቹ አራት በሽታዎች ይመረመራል? ምርመራ ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው?
4. መቶ ሰው በአንድ ቀን ከሚሰጥ መቶው ሰው ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ ቢሰጥ የሚሻለው ለምንድን ነው?
5. በዕድራችሁ ወይም በብሎካችሁ ተወያዩ፦ የደም ዓይነቱን የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? ዛሬ ሌሊት ብንጠራ መስጠት የሚችል ስንት ሰው አለን?

አምስተኛውን ጥያቄ ከቤተሰባችሁ ጋር ሆናችሁ እንድትመልሱት አደራ እንላለን።